የተበጠበጠ የሆርሞን መርፌ ስንት ቀን ይቆያል?

ዱቄት የሆነ የሆርሞን መድኃኒት ከተበጠበጠ በኋላ ካርቶኑ ላይ የታተመው ማብቂያ ቀን ብቻውን አይበቃም። አዲሱ ማብቂያ ቀን የሚቆጠረው ከበጠበጡበት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ርዝመቱም በመድኃኒቱና በመበጥበጫው ዓይነት ይለያያል። ሜታክሬዞል ወይም ቤንዚል አልኮል ያለበት መበጥበጫ ጀርም እንዳይራባ ይከላከላል፤ ተራው የመርፌ ውሃ ግን ይህ የለውም።

ሁማትሮፕ የተባለውን የዕድገት ሆርሞን ብልቃጥ እንይ። አብሮት በመጣው ፈሳሽ ሲበጠበጥ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 14 ቀን ይቆያል። በተራ የመርፌ ውሃ ከሆነ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተረፈው ይጣላል። ለመውለድ ሕክምና የሚሰጠው ባለ 75 ዩኒት የሜኖፑር ብልቃጥ ደግሞ እንደተበጠበጠ ወዲያው ይወጋል፤ ለነገ ማሳደር የለም።

ሲበጠብጡ ውሃውን በብልቃጡ ግድግዳ ቀስ አድርገው ያንቆርቁሩ፤ ከዚያ ያሽከርክሩት እንጂ አይናጡት። ሆርሞኑ ፕሮቲን ስለሆነ ሲናጥ አረፋ ይሠራል፣ ይጎዳልም። ቀኑንና ሰዓቱን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ (ካርቶኑ ላይ ከጻፉት ካርቶኑ ሲጣል አብሮ ይጠፋል)።

ቦታው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል፤ የኋላው ግድግዳ ደግሞ ያቀዘቅዛል፣ አንዳንዴም በረዶ ያደርጋል። አንዴ በረዶ የሆነ መድኃኒት ቀልጦ ጥርት ቢልም ይጣላል። መብራት ሲጠፋም ብልቃጡን በበረዶ የሚያቆዩት ከሆነ በረዶውን በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ ብልቃጡን በቀጥታ አይንካው። የደፈረሰ ወይም ብናኝ የታየበት አይወጋም።