ጠፍ ወይስ ጤፍ? የሚመሳሰሉ የመሬት ስሞችን መለያ

ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የሚገባ ሰው መሬቱን በዓይኑ ይለያል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ወደ 1,900 ሜትር የምትጠጋው ሐረር ወይና ደጋ (ድንበሩ 1,500 ሜትር አካባቢ ነው)። የሚያደናግሩት ስሞቹ ናቸው።

መጀመሪያ የቃሉን ዘመዶች ይፈልጉ። ቆላ «ሙቀቱ ሰው ስለሚቆላ» ተባለ የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። የመሬቱ ቆላ ከግእዙ «ቈላ» የመጣ ነው፤ ሸለቆ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ማለት ነው። ቡና የምንቆላበት ግስ ግን በግእዝ «ቀለወ» ይባላል። ድምፃቸው ዛሬ አንድ ስለሆነ ጆሮ አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ርቢው ነው። አንዱ ቆለኛን ይወልዳል፣ ሌላው ቆሎን። ወይና ደጋ ደግሞ ወይን የሚበቅልበት ደጋ ነው።

ከሁሉ አደገኛው ጠፍ እና ጤፍ ነው። ጠፍ መሬት «ጠፋ» ከሚለው የወጣ፣ ሳይታረስ የቀረ መሬት ነው፤ የጤፍ መሬት ሰብል ያለበት ማሳ ነው። የአንዲት ፊደል ቅጥያ ስትሳት የለማው መሬት ባዶ ሆኖ ይመዘገባል። ሲጠራጠሩ «የ»ን ይመልከቱ፦ እህሉ «የጤፍ ማሳ» ይባላል፤ ጠፍ ግን ቅጽል ስለሆነ ያለ «የ» «ጠፍ መሬት» ይላል።

ምድረ በዳና ባድማም ይምታታሉ። ምድረ በዳ ከግእዙ «በድወ» (ምድረ በዳ ሆነ) የመጣ፣ ሰው የማይኖርበት ነው። ባድማ ግን ሰው ኖሮበት የለቀቀው ነው፤ የአባት ባድማ ይባላል፣ የአባት ምድረ በዳ አይባልም።

ለቦታ ስም ሲሆን አስቀድመው የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ይጠይቁ። በአማርኛ ባዳ ዘመድ ያልሆነ ሰው ነው፤ «ዳ» ሲጠብቅ የኦሮምኛው ባዳ ደጋ ማለት ነው። «ዳዋ ጥሶ፣ ጤዛ ልሶ» የምንለውን ዳዋ ይዞ ድሬዳዋን በዱርና በቁጥቋጦ መፍታትም አያስኬድም፤ ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ ነው፣ ሶማሌዎች ደግሞ ስሙን ከዲር ጎሳ ጋር ያያይዙታል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ስሙን ከአገሬው አፍ ሰምተው በጠበቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ አድርገው ይጻፉት።