ነቅለን ስንመልሰው እምቢ የሚል ዩኤስቢ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮፒ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰኔ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ገብቷል፣ ተመራቂ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል። ነጎድጓዱ ሲበረታ ዕቃው እንዳይቃጠል ብለን ሁሉንም እንነቃቅላለን፣ ሲያባራ ደግሞ መልሰን እንሰካለን። ከአንድ ሰዓት በፊት ወረቀት ሲያወጣ የነበረው ፕሪንተር አሁን ጭጭ ይላል። ኮምፒውተሩም አላወቅሁትም ይላል፣ ወይም ጭራሽ ምንም አይልም።

ያኔ ሁሉም ሰው «ድራይቨሩ ጠፍቶ ነው» ብሎ ይነሳል። ድራይቨር ማለት ዕቃውንና ዊንዶውስን የሚያግባባው ፕሮግራም ነው፣ ገመድ ስለተነቀለ ብቻ አይጠፋም። ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ በችኮላ ነካክተን የባሰ ያወሳሰብንበት ጊዜ ስለሚበዛ፣ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልጻፍ። የምናገረው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

ባገኙት ቀዳዳ መሰካት

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያለቅስበት ይሄኛው ነው። አንድ የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ ለኮምፒውተሩ ሁለት ቁጥሮች ይነግረዋል፤ አንደኛው የአምራቹ፣ ሁለተኛው የዕቃው ዓይነት። አንዳንዱ ዕቃ በዚህ ላይ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ አንዳንዱ ግን የለውም። መለያ ቁጥር የሌለውን ዕቃ ዊንዶውስ የሚያስታውሰው በተሰካበት ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ትናንት በግራ በኩል የነበረውን ዛሬ በቀኝ ስትሰኩት እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል። ፕሪንተር ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ ያው ስም «ኮፒ 1» ተብሎ ሁለተኛ ሆኖ ይመጣል፤ እናንተ የምታዙት ግን አሮጌውን ነው፣ እሱ ደግሞ ኦፍላይን ሆኗል፣ ወረቀቱ ሁሉ እዚያ ይደረደራል።

ቢቸና ላይ ጤፍ የሚረከብ አንድ ትልቅ ሰው አውቃለሁ። ሚዛናቸው በአሮጌው ሲሪያል ገመድ ይሠራል፣ እሱ በመቀየሪያ በኩል ዩኤስቢ ላይ ይሰካል። አንድ ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ብሎ ሳለ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ሚዛኑ ይመዝናል፣ ኮምፒውተሩ ግን አላነብም አለ። ሰው ተሰልፎብኛል።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ገመዱን የነካው ሰው አለ?»

«ጠዋት ሲጠርጉ ነቅለውት ነበር። መልሰው ሰክተውታል እኮ!»

«በየትኛው ቀዳዳ?»

ዝም አሉ። ኮም ማለት ዊንዶውስ ለእንዲህ ያለ መቀየሪያ የሚሰጠው የመገናኛ ቁጥር ነው። ቀዳዳው ተቀይሮ ኮም 3 የነበረው ኮም 5 ሆኗል፣ የመመዝገቢያው ፕሮግራም ግን አሁንም ኮም 3ን ነው የሚጠብቀው። ወደ ቀድሞው ቀዳዳ ሲመልሱት ወዲያው ሠራ። ድራይቨር ማውረድ አላስፈለገም፣ ሰውም መጥራት አላስፈለገም።

የድሮውን ቀዳዳ ካላስታወሳችሁት ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ የሚዘረዘሩበት ነው፣ አከፋፈቱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ) ውስጥ ፖርትስ የሚለውን ከፍታችሁ፣ በዕቃው ፕሮፐርቲስ ውስጥ አድቫንስድ በሚለው በኩል የኮም ቁጥሩን መመለስ ትችላላችሁ። ለፕሪንተር ደግሞ በፕሪንተር ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፖርትስ የሚለው ላይ ገብታችሁ ከዩኤስቢ 001 ወደ ዩኤስቢ 002 መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ጥፍር ቀለም ነው። ገመዱ ጫፍ ላይ አንድ ነጥብ፣ ቀዳዳው አጠገብ ያንኑ ቀለም አንድ ነጥብ። እኛ ቤት ፕሪንተሩ ቀይ ነው፣ ስካነሩ ነጭ። ማንም ቢነቅለው ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ስሙን ላልተናገረ ዕቃ ድራይቨር መፈለግ

ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። ቢጫ ቃለ አጋኖ ያለበትን ዕቃ ሁለቴ ስትነኩት የኮድ ቁጥር ይነግራችኋል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ነው ሁለት ሰዓት የሚደክመው።

ኮድ 28 ካለ እውነትም ድራይቨር አልተጫነም፣ ፈልጉለት። ኮድ 45 ዕቃው አሁን አልተገናኘም ማለት ነው። ኮድ 10 ዕቃው ታውቋል፣ ግን መነሳት አቅቶታል። ኮድ 43 ደግሞ ዕቃው ችግር አለብኝ ስላለ ዊንዶውስ አቁሞታል ማለት ነው። ይሄኛው ላይ ቆም በሉ፤ ስሙ «አንኖውን ዩኤስቢ ዲቫይስ» ሆኖ ቀጥሎ «ዲስክሪፕተር ሪኩዌስት ፌይልድ» የሚል ካለበት፣ ኮምፒውተሩ ማን ነህ ብሎ ጠይቆ ዕቃው አልመለሰም። ማንነቱ ሳይታወቅ የካኖንም ሆነ የኤፕሰን ድራይቨር ብትጭኑ ለማን ይሰጠዋል? እዚህ ጋ የሚታየው ገመዱ፣ ኃይሉ፣ ቀዳዳውና ዕቃው ራሱ ነው።

ገመዱን ሳያዩ ማለፍ

ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጡ አንዳንድ ገመዶች ኃይል ብቻ ነው የሚያሳልፉት፣ መረጃ የሚያልፍበት ሽቦ የላቸውም። መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። ርዝመትም አለ፤ የዩኤስቢ 2 ገመድ ከ5 ሜትር እንዲያልፍ አይመከርም፣ እኛ ደግሞ ጠረጴዛ ስናዛውር ማራዘሚያ ላይ ማራዘሚያ እንቀጥላለን።

ኃይሉም ልክ አለው። የተለመደው የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ያለው ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። ሃርድ ዲስክና ኃይሉን ከዩኤስቢ ብቻ የሚወስድ ስካነርን የራሱ ቻርጀር በሌለው ማከፋፈያ ላይ አንድ ላይ ብትሰኩ ኃይሉ አይበቃቸውም፣ እየበራ ይጠፋል። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ሞክሩ። የኋላው በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ነው፣ የፊቱ በውስጥ ሽቦ ስለሚያልፍ ሽቦው ይላላል።

ዘግቶ መክፈትን እንደ ሪስታርት መቁጠር

«ሦስቴ ዘግቼ ከፍቸዋለሁ» የሚለኝ ሰው አይዋሽም። ግን ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፈጣን አነሳስ የሚባል ነገር አለ፣ ሻት ዳውን ስትሉት የሲስተሙን ሁኔታ ድራይቨሮቹን ጨምሮ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ስትከፍቱት ያንኑ የተደናበረ ሁኔታ ይመልሰዋል። ሪስታርት ስትሉት ግን ሁሉን ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ ሪስታርት የሚለውን ራሱን ንኩ። ፕሪንተሩንም አጥፍታችሁ ከሶኬት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ አቆዩት።

ድራይቨር ላይ ድራይቨር መከመር

በእርግጥ ድራይቨሩ ነው ችግሩ ከተባለ መጀመሪያ አሮጌውን አጽዱ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቪው ብላችሁ የተደበቁትን አሳይ የሚለውን ብትመርጡ በየቀዳዳው ተሰክቶ የነበረ ሁሉ ደብዝዞ ይታያል። የዕቃችሁን ስም አንኢንስቶል በሉት፣ ድራይቨሩንም አጥፋ የሚለው ሳጥን ከመጣ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ገመዱን ነቅላችሁ ሪስታርት። አሁን አዲሱን ስትጭኑ ገመዱን አትቸኩሉበት፤ ብዙ ፕሪንተሮች ፕሮግራሙ ራሱ «አሁን ስካ» እስኪል መጠበቅ ይፈልጋሉ። ቀድማችሁ ከሰካችሁት ዊንዶውስ ያገኘውን ተቀራራቢ ድራይቨር ይሰጠውና ፕሪንት እያደረገ ስካን አላደርግም የሚል ዕቃ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ድራይቨር ከየትም ማውረድ

«ድራይቨሮችህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አድሳለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አልመክርም። የሚሠራውን ሁሉ ቀይረው ሲሄዱ አይቻለሁ። ከአምራቹ ድረ ገጽ ውሰዱ፣ ዊንዶውሳችሁ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት አይታችሁ። የዕቃው ስም ከጠፋባችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲቴይልስ ላይ ሃርድዌር አይዲ የሚለውን ብትመርጡ እነዚያ ከላይ ያልኳቸው ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ፣ በእነሱ ይፈለጋል።

እንደ ሚዛኑ ባሉ መቀየሪያዎች ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ውስጣቸው ያለው ቺፕ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ አዲስ ድራይቨር ላይቀበለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው ቺፕ አምራች በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ያወጣው ድራይቨር፣ የአስመሳዮቹን ቺፖች መለያ ወደ ዜሮ ቀይሮ ከጥቅም ውጭ አድርጓቸው ነበር። ስለዚህ እስከ ትናንት ሲሠራ የነበረ መቀየሪያ ከአፕዴት በኋላ ኮድ 10 ካለ፣ በዕቃው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ድራይቨር የሚለው ላይ ሮል ባክ ብላችሁ ወደ አሮጌው መልሱት።

አንድ ነገር አደራ። ኢንተርኔት ደህና በሆነ ቀን የፕሪንተራችሁን፣ የስካነራችሁን፣ የመቀየሪያችሁን ድራይቨር አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ኔትወርክ በተቋረጠ ሳምንት ድራይቨር ፍለጋ ባሕር ዳር ድረስ ላፕቶፕ ይዞ የሄደ ሰው አይቻለሁ።

ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ የሚጠፋ ከሆነስ? ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የዩኤስቢ ሩት ሃብ የሚለው ፕሮፐርቲስ ላይ ፓወር ማኔጅመንት አለ። ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሱት።

ሳይፈትሹ «ተቃጥሏል» ማለት

አንዲት ፍኖተ ሰላም የምትሠራ እህት ስካነሯን ለባለሙያ አሳይታ ቦርዱ ተቃጥሏል ተብላ ሌላ ልትገዛ ገንዘብ ስትሰበስብ ነበር። እኔ ጋ አምጥታው በሌላ ገመድ በሌላ ላፕቶፕ ሰካነው፣ ሠራ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስለዚህ ከመግዛታችሁም ከመላካችሁም በፊት የጎረቤት ኮምፒውተር ለምኑ። እዚያ ከሠራ ችግሩ የእናንተ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ከላይ ወዳልኳቸው ተመለሱ። በደህና ገመድ፣ በሁለት ኮምፒውተር ያው ኮድ 43 ከመጣ ግን የዕቃው ሶኬት ወይም ቦርድ ስለሆነ ያኔ ለጠጋኝ ስጡት፤ ኮዱንም በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩለት።