ሼፑ ከቦታው ሳይሸሽ እንዴት ስኬል እናርገው? (ቱዲ ግራፊክስ)

የስኬሊንግ (ሼፑን የማሳደግ ወይም የማሳነስ) ፎርሙላ ራሱ ቀላል ነው፣ የሼፑን እያንዳንዱን ነጥብ ትወስዱና ኤክሱን በኤክስ ስኬል፣ ዋዩን በዋይ ስኬል ማባዛት፣ በቃ። ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ያሳድጋል፣ በ0 እና በ1 መሀል ያለ ያሳንሳል። ሁለቱ ስኬሎች እኩል ካልሆኑ ክቡ ሞላላ፣ ካሬውም ሬክታንግል ይሆንባችኋል።

ጣጣው የሚመጣው ኮዱ ሲሮጥ ነው። ማዕዘኖቹ (100፣100)፣ (300፣100)፣ (300፣200)፣ (100፣200) የሆነ ሬክታንግል አለን እንበል፣ መሀሉ (200፣150) ላይ ነው። ሁሉንም በ2 ስታባዙ (200፣200)፣ (600፣200)፣ (600፣400)፣ (200፣400) ይመጣል። ማደጉስ አድጓል፣ ግን መሀሉ (400፣300) ላይ ሄዶ ቁጭ ብሏል! ብዙ ሰው እዚጋ ባግ አለ ብሎ ኮዱን ሲያገላብጥ ይውላል፣ ባግ ግን የለም፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ ማባዛት ሁሌም ከ(0፣0) ተነስቶ ነው የሚለካው፣ የማይነቃነቀው እሱ ነጥብ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሲያድግ ከሱ ይርቃል ሲያንስ ወደሱ ይጠጋል።

ስለዚህ ስንት ላሳድገው ከማለታችሁ በፊት የቱ ነጥብ ባለበት ይቆይልኝ በሉ። እሱን ቋሚ ነጥብ እንበለውና መጀመሪያ ቀንሱት፣ ከዛ አባዙ፣ ከዛ መልሳችሁ ደምሩት፦

አዲስ ኤክስ = ቋሚ ኤክስ + (ኤክስ − ቋሚ ኤክስ) × ኤክስ ስኬል

ለዋይም እንደዛው። በኛ ሬክታንግል መሀሉን ቋሚ ብናረገው የመጀመሪያው ማዕዘን ኤክስ 200 + (100 − 200) × 2 = 0፣ ዋዩ ደግሞ 150 + (100 − 150) × 2 = 50 ይሆናል፣ የቀሩትም (400፣50)፣ (400፣250)፣ (0፣250) ይወጣሉ፣ መሀሉ ንቅንቅ አላለም። በነገራችን ላይ ስፋቱ (ኤሪያው) እጥፍ ሳይሆን 4 እጥፍ ነው የሆነው፣ ሁለቱ ስኬሎች ስለሚባዙ። በማውስ ዙም ማድረግም ይሄው ፎርሙላ ነው፣ ቋሚ ነጥቡ ማውሱ ያለበት ቦታ ይሆናል ማለት ነው።

በማትሪክስ የምትሰሩ ከሆነ ወይም እንደ ካንቫስ (ብሮውዘር ላይ በኮድ መሳያ) ያለ ነገር ላይ ከሆናችሁ ሦስቱ ስራዎች (መቀነስ፣ ማባዛት፣ መደመር) ትራንስሌት (ማንሸራተት)፣ ስኬል፣ ትራንስሌት ናቸው፣ ግን ቅደም ተከተሉ ያምታታል። ካንቫስ ላይ መጨረሻ የጻፋችሁት ነው ነጥቡን መጀመሪያ የሚነካው፣ ስለዚህ መጀመሪያ በፖዘቲቩ ቋሚ ነጥብ ትራንስሌት፣ ቀጥሎ ስኬል፣ መጨረሻ ላይ በኔጌቲቩ ትራንስሌት ትጽፋላችሁ። ከዛ በፊት ሴቭ (ያለውን ሁኔታ ማስቀመጥ)፣ ሼፑን ከሳላችሁ በኋላ ሪስቶር (ወደ ተቀመጠው መመለስ) ማለት አትርሱ፣ አለበለዚያ በየፍሬሙ ስኬሉ እየተደራረበ ሼፑ ያብጣል።

ሌላው፣ ኦርጅናሉን ነጥብ በጭራሽ አትደምስሱት። በ1.1 አሳድጎ በ0.9 ማሳነስ ወደ ነበረበት አይመልስም፣ 0.99 ነው የሚሆነው፣ ለመመለስ በ1.1 ማካፈል ነው ያለባችሁ። እሱም ቢሆን ነጥቦቹ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ከሆኑ በየዙሩ ከነጥብ በኋላ ያለው እየተቆረጠ ቅርፁ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ኦርጅናሉን አስቀምጡ፣ ስኬሉን ብቻ ቀይሩ፣ ስትስሉ ከኦርጅናሉ አስሉ። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ስኬሉን 3/2 ብላችሁ ከጻፋችሁ ደሞ 1.5 ሳይሆን 1 ነው የሚሰጣችሁ፣ 3.0/2 በሉት።

ስኬሉ ኔጌቲቭ ሲሆን ሼፑ እንደ መስታወት ይገለበጣል፣ አንዳንዴ አውቀን የምንፈልገው ነገር ነው። 0 ግን አታስገቡ፣ ሼፑ ተጨፍልቆ መስመር ወይ ነጥብ ይሆናል፣ ከዛ መመለሻም የለውም።

ካንቫስ ላይ የመስመሩ ውፍረትም አብሮ ስኬል ይደረጋል። እሱ እንዲወፍር ካልፈለጋችሁ ፓዙን (የሼፑን ቅርፅ) በስኬሉ ውስጥ ሰርታችሁ ሪስቶር በሉና ከዛ በኋላ ስትሮክ አርጉ (መስመሩን ሳሉት)።