የአያትን ተረት ገበያም ጎተራም ማኖር

ደሴ ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣና «እናቴ ስትጫወት የቀዳሁት አለ፤ ሰው እንዲሰማው የት ላድርገው?» ይለኛል። ቆሜ የምነግረውን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደምጨቀጭቅ ልንገራችሁ። የአያቴን 11 ተረቶች ቀድቼ ነበር። ሁሉንም ያስቀመጥኳቸው ስልኬ ላይ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከደሴ ስንወጣ ስልኩ መንገድ ላይ ጠፋ። በኋላ ሌላ ስልክ ገዝቼ ቴሌግራሜን ስከፍት አንዷ ተረት ተገኘች። አዲስ አበባ ላለችው ለአክስቴ ልጅ ልኬላት ስለነበር ነው የተረፈችው። 10ሩ ቀሩ። አንዳንዶቹን አያቴ ደግማ ነገረችኝ። ሌሎቹን ግን «እንዴት ነበር ልጄ?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ በደንብ ቅዱ። ቡናው ሲቆላና ሲወቀጥ አትጀምሩ፤ ዘነዘናው ድምፁን ይበላዋል። ቶና ሲደርስ ጀምሩ። ያኔ ቤቱ ሰከን ይላል፣ የአያቴም ጨዋታ የሚመጣው ያኔ ነው። ስልኩን የታጠፈ ጋቢ ላይ አድርጉት። ረከቦቱ ላይ ከሆነ ሲኒ በተነካ ቁጥር ኳ ይላል። ከተራኪዋ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። ደወል እንዳያቋርጣችሁ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። የደሴ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ አትድከሙ፣ ነገ ቅዱ።

የቀዳችሁት ሁለት ቦታ ያስፈልገዋል። አንዱ ገበያ ነው፣ ሰው የሚያልፍበት። ሌላው ጎተራ ነው፣ ነገሩ የሚቀመጥበት። ሰኞ ገበያ የወጣ እህል ማክሰኞ እዚያው አይጠብቃችሁም።

ለኔ ገበያው ቴሌግራም ነው። ቻናል ክፈቱና ፐብሊክ አድርጉት። ሊንኩ ከ5 ፊደል አያንስ እንጂ አጭር ይሁን፤ ሰው በቃል የሚነግረው ዓይነት። ማይኩን ተጭናችሁ ቮይስ አትላኩ። በስልኩ መቅጃ ቅዱና ፋይሉን ላኩ። ቮይስ ስም የለውም፤ ከመቶ ቮይስ መሀል የጅቡንና የአህያዋን ማን ለይቶ ያገኛል? ፋይል ግን ስሙን ይዞ ይዞራል፣ እስከ 2 ጊጋባይትም ይቀበላል። የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ብትይዙት መቼ ይውጣ ብሎ ሰዓት ይጠይቃል። እኔ በሌሊት ጥቅል እጭነውና ቅዳሜ ማታ እንዲወጣ አዘዋለሁ።

ዩቲዩብም ገበያ ነው፤ ግን ድምፅ ብቻውን አይቀበልም፣ ምስል ይፈልጋል። የሲኒውን ወይም የጦሳ ተራራን ፎቶ ከድምፁ ጋር ካፕከት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ መተግበሪያ አያይዙ። ከ15 ደቂቃ የሚረዝም ከሆነ አስቀድማችሁ አካውንቱን በስልክ ቁጥር አረጋግጡ። ለልጆች የተሠራ ነው ወይ ሲላችሁ እውነቱን መልሱ። አዎ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ይዘጋል፤ አትደንግጡ፣ አሠራሩ ነው።

ርዕሱ ላይ ትንሽ ጊዜ ስጡ። ብዙ ሰው «አዲስ ቅጂ 14» ብሎ ይለቀዋል። ያሳዝነኛል፣ ማንም አያገኘውም። «የጅብና የአህያ ተረት፣ ወሎ፣ ደሴ» በሉት። የኛ ፊደል ደግሞ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ አለው። አንዱ «አይጥ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ዓይጥ»። ማብራሪያው ውስጥ ሁለቱንም ጻፉ።

ለጎተራ የምመክረው ኢንተርኔት አርካይቭን (archive.org) ነው፤ ድምፅም መጽሐፍም የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። በኢሜይል ትመዘገባላችሁ፣ አይከፈልበትም። ስትጭኑ ሰው በምን ፈቃድ ይጠቀምበት ብሎ ይጠይቃል። ስም ተጠቅሶ፣ ሳይሸጥ ይሰራጭ የሚለውን የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ መምረጥ ትችላላችሁ። ያም ሆኖ ጎተራም ነቀዝ አያጣውም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ድረ ገጹ በጥቃት ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ዋናው ቅጂ ፍላሽ ላይ ቤታችሁ ይቀመጥ።

ከመልቀቃችሁ በፊት ለተራኪዋ አሰሟት። እኔ አያቴን አጠገቤ አስቀምጬ አንድ በአንድ አሰማኋት። ድምጿን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አንዷ ጋ ስንደርስ ግን እጄን ያዘችኝ። የድሮ ጎረቤቷ ታሪክ ነበረች።

«ይቺን ለሰው እንዳታሰሚ። ልጆቹ አሉ፣ ያፍራሉ።»

«እሺ እማዬ» አልኳት።

ቻናሉ ላይ የለችም፣ አርካይቭም ላይ የለችም። ፍላሹ ላይ ናት። ፍላሹን አያቴ ራሷ በመሀረብ ቋጥራ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች።