ኳየሩ ሲያርፍ፦ መሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጨረሻው ኮንሰርት አለቀ። ወንበር ተነሳ፣ ፎልደር ተሰበሰበ፣ ሁለት ሦስቱ እንደተለመደው ጠፋ። መሪው ቤቱ ገብቶ "እፎይ!" ይላል፤ ይገባዋልም። ችግሩ የሚመጣው ከእፎይታው በኋላ ነው። ወራቱ እንደ ዋዛ ያልፉና በአዲሱ ወቅት የመጀመሪያ ልምምድ ላይ መሪው ኖታውን ከዘማሪዎቹ እኩል ሲፈታ ይገኛል። እኔም እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ። በዚህ መሀል የምንሠራቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ቅጂውን በዚያው ምሽት ሰምቶ መተው

ኮንሰርቱ ባለቀበት ምሽት የሰሙት ቅጂ ብዙ አያስተምርም። ጭብጨባው ገና ከጆሮዎ አልወጣም። ወይ ሁሉም ያምራል፣ ወይ አንዲት የተበላሸች መግቢያ ሌላውን ሁሉ ትሸፍናለች። ሦስት ሳምንት ያሳድሩትና ኖታውን ዘርግተው፣ እርሳስ ይዘው ይስሙት። ያለ መሣሪያ የተዘመረ ካለ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ኮርድ (አብረው የሚሰሙትን ኖታዎች) በስልክ ቱነር፣ ማለትም በድምፅ ከፍታ መለኪያ፣ ይለኩ። ግማሽ ቶን (በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለውን ያህል) ወርዶ ከሆነ፣ መውረድ የጀመረበትን ቦታ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ አንድ ኖታ የሚደጋገምበት፣ ዜማው ደረጃ በደረጃ የሚወርድበት፣ ወይም ትንፋሽ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ያገኙታል።

ቪዲዮ ካለ ደግሞ ድምፁን አጥፍተው እጅዎን ብቻ ይዩ። እኔ አንድ ሙሉ ወቅት ቴነሮቹን (ከፍተኛውን የወንድ ድምፅ የሚዘምሩትን) "ዘገያችሁ" እያልኩ ስነጫነጭ ከረምኩ። ቪዲዮውን ሳየው ግን እነሱ በሚገቡበት ሰዓት እኔ አቀርቅሬ ገጽ እገልጣለሁ። ቴነሮቹ ምን ያድርጉ?

ለሌለ ኳየር መዝሙር መምረጥ

በእረፍት ጊዜ ምኞት ይበዛል። ሁለት ቴነር ብቻ ይዘን ቴነሩ ለሁለት የሚከፈልበትን ሥራ እንመርጣለን። 16 ሰው ለስምንት ድምፅ ሲከፈል ለአንዱ ድምፅ ሁለት ሰው ይደርሰዋል። አንደኛው ጉንፋን ከያዘው ሌላው ሳይፈልግ ሶሎ ዘማሪ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ማን እንደሚመለስ ይጠይቁ፤ ከዚያ ይምረጡ። ወንድ ካነሰ ለሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ)፣ ለአልቶ (ዝቅተኛው የሴት ድምፅ) እና ለአንድ የወንድ ድምፅ ብቻ የተጻፉ ጥሩ ጥሩ ሥራዎች አሉ።

ከፍተኛዋን ኖታ ብቻ አይቶ መወሰንም ያሳስታል። ሶፕራኖዎቹ አንዴ ላይ ወጥተው ቢመለሱ ምንም አይሉም። የሚያደክማቸው ዜማው ሁለት ገጽ ሙሉ እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ነው።

ፎቶኮፒ ከማባዛትዎ በፊትም የቅጂ መብቱን ያጣሩ። በብዙ አገሮች ደራሲው ከሞተ 70 ዓመት ሲያልፍ፣ በሌሎች ደግሞ 50 ዓመት ሲያልፍ ሥራው ነፃ ይሆናል። ዜማው የቆየ ቢሆንም ቅንብሩ አዲስ ከሆነ፣ ቅንብሩ የራሱ ባለቤት አለው።

ከኖታው በፊት ዩቲዩብ መክፈት

የእኔ ትልቁ ጸብ ከዚህ ጋር ነው። መዝሙሩን መረጥን፤ ወዲያው ስልክ አውጥተን እንፈልገዋለን። የመጀመሪያው የሰማነው ቅጂ ፍጥነት ጆሯችን ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ የምንመራው የሌላ ኳየር ጥላ ነው። ያ ኳየር 80 ሰው ይኖረዋል፤ የሚያስተጋባ አዳራሽም አለው። የእኛ 20 ሰው በደረቅ ክፍል ውስጥ በዚያ ፍጥነት ሲዘምር ትንፋሹ አይደርስለትም።

መጀመሪያ ግጥሙን ብቻ ጮክ ብለው ያንብቡት። የትኛው ቃል ይከብዳል? አረፍተ ነገሩ የት ያልቃል? ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ከዚህ ይታወቃል፤ እሱን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ቀጥሎ አራቱንም ድምፅ ራስዎ ይዘምሯቸው፣ ባሱን (ዝቅተኛውን የወንድ ድምፅ) ከፍ አድርገውም ቢሆን። አንዱን በኪቦርድ እየተጫወቱ ሌላውን መዘመር ሲችሉ ሥራው ገብቶዎታል። ድምፅዎ የት እንደተደናቀፈ ልብ ይበሉ። እርስዎ የሳቱት ቦታ ላይ አልቶዎቹም መሳታቸው አይቀርም።

ብዙ መሪ የሚዘላት አንድ ጥያቄ አለች፦ በመዝሙሩ መሀል ዝም ብሎ ቆይቶ የሚገባው ድምፅ የመጀመሪያ ኖታውን ከየት ያገኛል? ምናልባት ከሁለት ምት በፊት ባሱ ያንኑ ኖታ ዘምሮት ይሆናል። ይህን አስቀድመው ካወቁ በልምምድ ቀን "ባሱን ስሙ" ብሎ ማለፍ ይበቃል። ካላወቁ ፒያኖው ላይ ያችኑ ኖታ 20 ጊዜ ሲመቱ ያመሻሉ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ዩቲዩብም ይከፈት። አንድ ቅጂ ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ይስሙ፤ ያኔ እየመረጡ ነው የሚሰሙት።

የራስን ድምፅ መርሳት

መሪው ከዘማሪው በላይ ድምፁን ይጎዳል። ከ40 ሰው ወሬ በላይ ይናገራል፤ ለሶፕራኖም ለባስም እየዘመረ ያሳያል። በ440 ኸርዝ የሚለካውን ላ የተባለውን ኖታ ሲዘምሩ የድምፅ አውታሮችዎ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባሉ። እረፍት ቢጠይቁ አይገርምም። ማንሾካሾክ ግን እረፍት አይደለም፤ አንዳንዴ ከተራ ንግግር የባሰ ያደክማል። ውሃ መጠጣትና በስትሮ ውስጥ ቀስ ብሎ ማንጎራጎር ይሻላል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መጎርነን ካለ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ "ይተወኛል" አይባልም።

ጭር ማለት፣ ወይም አለማስተንፈስ

አንዳንዱ መሪ ሦስት ወር ድምፁን ያጠፋል። ሌላው የቴሌግራም ግሩፑን በየቀኑ ያናውጠዋል። ሁለቱም ሰው ያሸሻሉ። በመሀል አንድ ቀን ያለ ፕሮግራም ተገናኝቶ የሚወደደውን መዘመር ይበቃል። አዲስ ሰው መፈለጊያውም ይህ ጊዜ ነው፤ ልምምዱ ከተጀመረ በኋላ የመጣ ባስ ተመልካች ሆኖ ይከርማል። ኖታዎቹንም አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለው ይቁጠሯቸው። ከ30 ቅጂ 22 እንደቀረ በልምምድ ቀን መስማት አያስደስትም።

ሰዓቱን ሳያሰሉ ቀን መቁረጥ

"12 ልምምድ አለን፣ ይበቃል" እንላለን። ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሆን 24 ሰዓት ነው። ከእያንዳንዱ ላይ ለድምፅ ማሟሟቂያ፣ ለእረፍትና ለማስታወቂያ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። 18 ቀረ። ለ50 ደቂቃ ሙዚቃ ሲካፈል ለአንድ ደቂቃ ሙዚቃ ወደ 22 ደቂቃ ልምምድ ይደርሳል፤ ያውም ማንም ካልቀረ። ስለዚህ ከኮንሰርቱ ቀን ወደኋላ እየቆጠሩ የትኛው መዝሙር በየትኛው ሳምንት እንደሚጀመር ይጻፉ፤ ከባዱ ይቅደም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ልምምዶች ለአዲስ ነገር አይቁጠሯቸው። አንዱ አዳራሹን ለመልመድ ይሄዳል። በሌላው ደግሞ አንደኛዋ ሶፕራኖ ትታመማለች።