ልብወለዳችሁ ተበታትኖባችኋል? መጀመሪያ ችግሩን ለዩ፣ ከዚያ ሶፍትዌር ምረጡ

እዚህ ጅማ ልብወለድ ከሚጽፉ ልጆች ጋር ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ስንጠጣ ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን?» እኔ መልሼ የምጠይቀው ምን እንዳስቸገራቸው ነው። የገጠመኝንም፣ ሌሎች ይዘውልኝ የመጡትንም ከነመንስኤው ላካፍላችሁ።

ትዕይንቱን ጽፌዋለሁ፣ የት እንዳስቀመጥኩት ግን ጠፋኝ

ግማሹ ስልክ ላይ ነው፣ ግማሹ ላፕቶፕ ላይ። ከአጋሮ ስትመለሱ ሚኒባስ ውስጥ የመጣላችሁን ንግግር ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ልካችሁታል። ይሄ ስንፍና አይደለም። ጽሑፉ አንድ ቤት ስለሌለው ነው።

ስለዚህ ስልክም ኮምፒውተርም ላይ የሚሠራ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ነገር ፈልጉ። እኔ ኦብሲዲያን የሚባለውን የማስታወሻ መጻፊያ እመርጣለሁ። ነጻ ነው፣ አንድሮይድ ላይም አለ፣ የምትጽፉት ሁሉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ የራሳችሁ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ነገ ሶፍትዌሩን ብታጠፉት እንኳ ጽሑፉ በኖትፓድ ይከፈታል፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ስልክና ላፕቶፕ የሚያመሳስለው የራሱ አገልግሎት በክፍያ ስለሆነ እኔ ማታ ማታ ፎልደሩን በኬብል እገለብጣለሁ።

ስክሪቭነር የሚባለውን የልብወለድ መጻፊያ ብዙ ሰው ያወድሰዋል፣ ይገባዋልም። ምዕራፍን በትዕይንት ቆራርጦ እንደ ካርድ በማዘዋወር የሚያክለው አላየሁም። ግን የሚሠራው በማክ፣ በዊንዶውስ፣ በአይፎንና በአይፓድ ነው። አንድሮይድ የያዘ ሰው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ይቀራል። ክፍያም አለው። የ30 ቀን ሙከራው የሚቆጥረው የከፈታችሁበትን ቀን ብቻ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጽፍ ሰው ከሦስት ወር በላይ ሊሞክረው ይችላል።

ገጸ ባሕሪዬን ስፈልጋት «የለችም» ይለኛል

ይሄኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው፣ የውጭ መመሪያዎች ላይ አታገኙትም። አንዲት ልጅ ፀሐይ የምትባል ገጸ ባሕሪ ነበረቻት። ስትፈልጋት ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በኋላ የለችም። አብረን ስናይ አንዱ ምዕራፍ ላይ «ጸሐይ»፣ ሌላው ላይ «ፀሀይ» ሆና ቁጭ ብላለች። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ ልክ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው።

መፍትሄው ይኸው። ሊብሬኦፊስ ራይተር (እንደ ዎርድ ያለ የጽሑፍ ማዘጋጃ) ላይ መፈለጊያና መተኪያውን ክፈቱ፣ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚለውን (ብዙ አጻጻፍ በአንዴ የሚያስፈልገውን) ምልክት አድርጉበት፣ ከዚያ [ፀጸ][ሐሓሀሃኀኃ]ይ ብላችሁ ጻፉ። ቅንፍ ውስጥ ካሉት ፊደሎች የትኛውም ቢሆን ያገኘዋል። የተደበቁት ሁሉ ይወጣሉ። ኦብሲዲያን ላይ ያንኑ በሁለት ስላሽ መካከል አስገቡት፣ /[ፀጸ][ሐሓሀሃኀኃ]ይ/ ብላችሁ። ሊብሬኦፊስ ላይ «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለውን ደግሞ አጥፉት፣ ምክንያቱም አማርኛ «የፀሐይ»፣ «ለፀሐይም»፣ «ፀሐይን» እያለ ስሙ ላይ ይቀጥላል። ስትጨርሱ አንዱን አጻጻፍ ምረጡና የገጸ ባሕሪያት ማስታወሻችሁ አናት ላይ አስፍሩት።

የገጸ ባሕሪ ስም ስትቀይሩም ተጠንቀቁ። ሰላምን ሐና ልታደርጓት «ሁሉንም ተካ» ካላችሁ፣ ሰዎቻችሁ መንገድ ላይ ሲገናኙ «ሐና ነው?» ይባባላሉ። አንድ በአንድ እያያችሁ ቀይሩ።

ልጁ ሳይወለድ ትምህርት ቤት ገባ

ጓደኛዬ በጣልያን ጊዜ ጅማ ውስጥ የሚሆን ታሪክ እየጻፈ ነው። ግማሹን ቀን ከአማርኛ መጻሕፍት፣ ግማሹን ከእንግሊዝኛ ወሰደ። ጣልያን የተሸነፈበት ዓመት በእኛ 1933፣ በፈረንጆቹ 1941 ነው። ሁለቱ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ሲገቡ የሰው ዕድሜ ሁሉ ተዛባ።

የጊዜ መስመር የሚሠሩ ሶፍትዌሮች በአብዛኛው የሚቀበሉት የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው፣ ጳጉሜን አያውቁም። እኔ የቀን መሙያውን ትቼ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ እጽፈዋለሁ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ማለት 1933-08-27 ይሆናል። ጅማ ከጣልያን እጅ የወጣችው ከዚያ በኋላ በሰኔ ስለሆነ በ1933-10 ይጀምራል። ጳጉሜ 13 ናት። ስትደረድሩት ቅደም ተከተሉን ራሱ ይይዛል።

መብራት ሲሄድ ጽሑፉም አብሮ ሄደ

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሲያይል መብራት ጠፋ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ አይዝም። የሁለት ሰዓት ሥራ አጣሁ። አንዱን ትዕይንት ከትዝታ መልሼ ጻፍኩት፣ ሌላው እስከዛሬ አልመጣልኝም፣ አሁንም ይቆጨኛል።

ዎርድም ሊብሬኦፊስም ካልነካችኋቸው በራሳቸው መጠባበቂያ የሚይዙት በየ10 ደቂቃው ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ 1 ደቂቃ አድርጉት። ኦብሲዲያን እየጻፋችሁ ያስቀምጣል። ፍላሽ ላይ የገለበጣችሁት ብቻውን ግን አይበቃም፣ ሌላ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑራችሁ።

የድሮ ፋይሌ ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ሆነ

ፋይሉ አልተበላሸም። ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የዛሬው የጋራ አሠራር) በፊት የነበሩ ፎንቶች ፊደላችንን የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ያንኑ ፎንት ስትጭኑ ይነበባል። አንብባችሁ በዩኒኮድ መልሳችሁ ጻፉት፣ ካልሆነ ፍለጋ አይሠራላችሁም።

የትኛውንም ብትመርጡ ሙሉውን ልብወለድ በአንዴ አታስገቡ። አንድ ምዕራፍ በምትጠቀሙበት ኪቦርድ ጻፉበት፣ ስም ፈልጉበት፣ ወደ ዎርድ አውጡትና ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ፊደሉ ሳይዛባ ከተከፈተ ሁለተኛውን ምዕራፍ አስገቡ።