«ጠቁሯል፣ ይቀየር»፦ የሞተር ዘይት ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘና ጫፉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸት አሸት አደረገው። ወደ ብርሃኑ ዞር ብሎም አየው። «ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል። ጠቁሯል፣ ይቀየር» አለኝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነን። ዘይቱን ካስቀየርኩ ገና 1,900 ኪሎ ሜትር ነው የነዳሁት።

እሺ ብዬ አስቀየርኩ። ግን ከሚፈሰው ላይ ትንሽ በንጹሕ ዕቃ ያዝኩ። መንገድ ሥራ ላይ ያለ ጓደኛ አለኝ። የሚሠራበት ድርጅት የዶዘሮቹንና የግሬደሮቹን ዘይት በየጊዜው ላቦራቶሪ ያስመረምራል። የኔንም አብሮ ላከልኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ዘይቱ ደህና ነበር። የምጠቀመው 10/40 ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ 40 የሆነ ዘይት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ውፍረቱ፣ ሴንቲስቶክ በሚሉት መለኪያ፣ ከ12.5 እስከ 16.3 መሃል መሆን አለበት። የኔው 13.8 ላይ ነው። አንድ ቁጥር ግን ጎልቶ ወጣ፦ ሲሊኮን 41 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 41 እጅ። ሲሊኮን እንዲህ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አቧራ ነው። ሞተሬ አፈር እየበላ ነበር። የመካኒኩ ጣት ጤነኛውን ዘይት አስደፋኝ፣ የታመመውን የአየር ፊልትሮ ግን አላየውም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ብዙዎቻችን በእጃችን ያለውን ሞተር ይዘን ነው የምንቆየው። ስለዚህ እነዚህን ስህተቶች በቁም ነገር ማየት ተገቢ ነው እላለሁ።

በቀለም መፍረድ

ጥሩ ዘይት ይጠቁራል። በውስጡ ያለው አጣቢ ንጥረ ነገር ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ እያነሳ በዘይቱ ውስጥ ተንሳፎ እንዲቆይ ያደርገዋል። ሥራው ይሄው ነው። የናፍጣ ሞተር ላይማ ዘይት በተቀየረ በዚያው ቀን ሊጠቁር ይችላል። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተነድቶ እንደ ማር ጠርቶ የሚቀር ዘይት ቢያጋጥመኝ እኔ እሱን ነው የምጠራጠረው።

ዓይንና አፍንጫ ዋጋ የላቸውም ማለቴ አይደለም። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ እየተቀላቀለበት ነው። ብርሃን ላይ ሲያዩት የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለው ብረት እየተበላ ነው፤ ያን ጊዜ ላቦራቶሪም አይጠብቁ።

«ይሄ የ5 ሺህ ዘይት ነው፣ ያ የ10 ሺህ»

ሻጮች እንዲህ ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። ኪሎ ሜትሩ በጣሳው ውስጥ የታሸገ ይመስላል። የአንድን ዘይት ዕድሜ ግን ሞተሩ፣ ነዳጁና መንገዱ ናቸው የሚወስኑት።

እስቲ በሰዓት እናስላው። ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ 4 ኪሎ የሚወጣ ሰው፣ ከመብራትና ከሰልፍ ጋር፣ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ለመሙላት 333 ሰዓት ሞተሩ ይሠራል። አገር አቋራጭ መንገድ ላይ በአማካይ በ60 የሚነዳ ሰው ያንኑ ርቀት በ83 ሰዓት ይጨርሰዋል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ለሁለቱም ያው 5 ሺህ ነው። የመጀመሪያው ሰው ዘይት ግን አራት እጥፍ ሰዓት ሠርቷል።

በዚያ ላይ መንገዱ አጭር ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። የገባው እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ተንኖ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፣ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። የድሮ ካርቡራቶር መኪና ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የምትገኘው። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ለከፍታው ያልተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛል። የተረፈው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ይወርዳል፣ ዘይቱንም ያቀጥነዋል። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ይህን ራሱ ያስተካክላል።

ምርመራው እነዚህን ሁሉ በቁጥር ያሳያል። የነዳጁን መጠን፣ ውሃውን፣ ውፍረቱን፣ እንዲሁም «ቲቢኤን» የሚሉትን፣ ዘይቱ አሲድ የመቋቋም ምን ያህል አቅም እንደቀረው የሚለካውን ቁጥር። ቲቢኤኑ አዲስ ሳለ ከነበረው ወደ ግማሽ ከወረደ የመቀየሪያው ጊዜ እንደደረሰ ይቁጠሩት። ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ የሚጠቀም መኪና ላይ ይሄ ቁጥር ቶሎ ይወርዳል።

«አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ነው የሚወደው»

20/50 ጠላቴ አይደለም። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ለተበላና ዘይት ለሚጠጣ የድሮ ሞተር ደግ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ለሁሉም መኪና 20/50 ማለት ነው። ቪትዝ የሚነዱ ከሆነ መመሪያው 5/30 ወይም ከዚያ የቀጠነ ሊል ይችላል። የ30 ዘይት ሞተሩ ሲሞቅ ውፍረቱ ከ9.3 እስከ 12.5 ነው። የ50ው ከ16.3 ይጀምራል። ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም። «ቪቪቲ-አይ» ያለው ሞተር የቫልቮቹን ሰዓት የሚያዛውረው በጠባብ መተላለፊያ በሚገፋ ዘይት ነው። በወፈረ ዘይት ምላሹ ይዘገያል፣ የነዳጅ ፍጆታም ይጨምራል።

«አገራችን ሞቃት ስለሆነች ነው» የሚል ምክንያትም እሰማለሁ። አፋር ወርዶ ለሚሠራ ሰው ይገባኛል። አዲስ አበባ ግን ሞቃት አይደለችም። በጣም ቀዝቃዛም አይደለችም። የፊተኛው ቁጥር የብርድ ባሕርይን ነው የሚናገረው። 20 የተባለው ዘይት ሞተር ማስነሳት የሚችለው በምን ያህል ብርድ ነው ተብሎ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጠዋት እኛ ጋ የለም። ስለዚህ እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ እሱን ከመኪናው መመሪያ ይውሰዱ።

ቁጥሩን አይቶ ፊደሉን መዝለል

ጣሳው ጀርባ ላይ ደቃቅ ፊደሎች አሉ። በ«ኤስ» የሚጀምሩት ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምሩት ለናፍጣ ናቸው። ሁለተኛው ፊደል ወደ መጨረሻው በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። «ኤስፒ» እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው። «ኤስኤፍ» ደግሞ፣ ደረጃውን የሚያወጣው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ራሱ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩ ለአብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይሆንም። ርካሽ ጋሎን ሲያዩ መጀመሪያ ይህን ያንብቡ።

የአየር ፊልትሮን በኮምፕሬሰር እየነፉ መመለስ

ወደ ራሴ ሞተር ልመለስ። ውጤቱን ይዤ ጋራዥ ሄድኩና የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፈትን። ወረቀቱ ከውጭ ንጹሕ ይመስላል። በየሰርቪሱ በኮምፕሬሰር ሲነፋ ነበርና። ከኋላው አምፖል ይዘን ስናየው ግን ሁለት እጥፋት ላይ ብርሃን በቀጭኑ ያልፋል። ወረቀቱ ተሰንጥቋል። ወደ ሞተሩ የሚገባው ቱቦ ውስጥ ጣቴን ባስገባ ደቃቅ ቡናማ ዱቄት ይዞ ወጣ። ቱቦውን የሚያጠብቀው ክላምፕም ላልቶ ነበር።

በየቀኑ በፒያሳና በካዛንቺስ ነው የማልፈው። ሰፈሮቹ ሲፈርሱ የነበረውን አቧራ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ያ ሁሉ አቧራ በተቀደደ ወረቀት ሲገባ ፋሻና ሲሊንደር ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ሲሊኮን ከፍ ብሎ አሉሚኒየምም አብሮ ከወጣ አቧራ ነው ብሎ መጠርጠር ትክክል ነው። እባክዎ ፊልትሮውን አያስነፉ። አዲሱ ከሞተር ማሳደሻ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም።

ናሙናን ከሳፋ ቀድቶ በሃይላንድ ጠርሙስ መላክ

የጋራዡ ሳፋ የስንት መኪና ዘይት ቅሪት አለበት። ከሱ የተቀዳ ናሙና የማንን ሞተር እንደሚናገር አይታወቅም። ውሃ የነበረበት የሃይላንድ ጠርሙስም ጠብታ ይዞ ይቆያል፣ ከዚያ «ውሃ ገብቷል» ተብሎ ያስደነግጣል።

ሞተሩን አሙቁ። የማፍሰሻውን ቡሎን ዙሪያ በጨርቅ ጥረጉ። መጀመሪያ የሚወርደው ይፍሰስ፣ ከመሃል 100 ሚሊ ሊትር ያህል በደረቅና ንጹሕ ጠርሙስ ያዙ፣ መጨረሻውን ተዉት። ጠርሙሱ ላይ የዘይቱን ዓይነት፣ ዘይቱ የሄደበትን ኪሎ ሜትርና መኪናው በጠቅላላ የሄደበትን ጻፉ። በመሃል የጨመራችሁት ዘይት ካለም እንዳትረሱት። አንድ ሊትር አዲስ ዘይት ከተጨመረ ቁጥሮቹ ሁሉ ከእውነታው የተሻሉ መስለው ይወጣሉ።

ሞተር በናፍጣ አጥቦ አዲስ ዘይት መሙላትም ይቅር። ኮፓው ውስጥ የሚቀረው ናፍጣ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል፣ ምርመራው ላይም ነዳጅ የሚያፈስ ሞተር ያስመስለዋል።

አንድን ውጤት እንደ ፍርድ ማንበብ

ይህ ምርመራ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ የዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ ምድር ባቡር የናፍጣ ባቡሮቹን ሞተር ሳይፈታ ለመከታተል ተጠቅሞበታል። የባቡር ሰዎቹ የሚያዩት ቁጥሩ ከወር ወር እንዴት እንደሚሄድ ነበር። እኛም እንደዚያው ማድረግ አለብን። የብረቱን መጠን ዘይቱ ለሄደበት ሺህ ኪሎ ሜትር አካፍሉት፣ ከዚያ ካለፈው ጋር አስተያዩት። በ2 ሺህ ኪሎ ሜትር 30 የወጣና በ6 ሺህ ኪሎ ሜትር 30 የወጣ አንድ አይደሉም።

ቅርብ ጊዜ ሞተሩ ወርዶ ከታደሰ ብረት፣ መዳብና እርሳስ ከፍ ብለው ቢወጡ አይደንግጡ፤ እየተላመደ ነው። ሲሊኮኑም መካኒኩ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ላይ ከቀባው የሲሊኮን ማጣበቂያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከሁለት ዘይት ቅየራ በኋላም መዳብና እርሳስ አብረው ከጨመሩ ግን ብሮንዚናውን፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ተሸካሚ ብረት፣ ይጠርጥሩ።

ሁለት ነገር ደግሞ ወረቀቱ ሊደብቅ ይችላል። ላቦራቶሪዎች የራዲያተር ውሃ ወደ ዘይት መግባቱን የሚያውቁት በሶዲየምና በፖታሲየም ነው፤ እነሱ የሚመጡት ከኩላንት ነው። ብዙዎቻችን ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ስለምንሞላ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ቢያፈስም ሁለቱ ቁጥሮች ዝም ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ የራዲያተርዎን ውሃ መጉደል በዓይንዎ ይከታተሉ። ሌላው፣ መሣሪያው የሚያየው በጣም ደቃቁን ብናኝ ነው፤ ከ10 ማይክሮን የሚተልቀውን ብዙውን ያልፈዋል። አሮጌውን የዘይት ፊልትሮ ቆርጠው ከፍተው ወረቀቱን ይመልከቱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥሩ ውጤት አይቶ በአንዴ ወደ 10 ሺህ መዝለል

አንድ ጥሩ ወረቀት ይዘው ጊዜውን በእጥፍ የሚያራዝሙ አሉ። ቀስ ቢሉ ይሻላል። እኔ አዲስ የአየር ፊልትሮ አስገብቼ ክላምፑን ካስጠበቅኩ በኋላ 3 ሺህ ላይ ናሙና ሰጠሁ። ሲሊኮኑ ወደ 13 ወርዶ፣ ብረቱም በሺህ ኪሎ ሜትር ሲሰላ በግማሽ ቀንሶ መጣ። አሁን 4 ሺህ ልሞላ 200 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል። ሦስተኛው ጠርሙስ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል።